ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ በሳይበርፐንክ 2077 እንዴት ይፈተሻል?

«ይህን ካርድ ገዛሁት፣ ደህና ነው?» በተለይ ከፖሊና ከፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) ተማሪዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ከጥያቄው ጋር አንድ የስክሪን ፎቶ ይመጣል። ጥግ ላይ «74 ኤፍፒኤስ» ይላል፤ በሰከንድ 74 ፍሬም (ምስል) ማለት ነው። በዚህ ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም። በስንት ሪዞሉሽን ነው? ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን ባነሰ ሪዞሉሽን ሠርቶ የሚያሰፋው የኤንቪዲያ ዘዴ) በርቷል? ካርዱ ሞቆ ነበር ወይስ ጌሙ ገና መከፈቱ ነው? እነዚህ ካልታወቁ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ አካሄዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘርዝሬ እነሆ። በቅደም ተከተል ከሠራችሁት ካርዱ እውነተኛ ይሁን አይሁን፣ ሲሞቅ ይድከም አይድከም፣ መስጠት ያለበትን ጉልበት ይስጥ አይስጥ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ግማሽ ቀን መድቡለት። በችኮላ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ሳይበርፐንክ 2077ን የመረጥኩት ካርድን እስከ ጥግ የሚያሠራ ከባድ ጌም ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ የራሱ ቤንችማርክ አለው። ካሜራው ራሱ በተመሳሳይ መንገድ ስለሚሄድ የእናንተ ውጤትና የሌላ ሰው ውጤት ሊወዳደር ይችላል። እየተጫወታችሁ ብትለኩ አንዴ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዴ ሰው የሞላበት መንገድ ላይ ስለምትሆኑ ቁጥሩ አይጨበጥም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሳይበርፐንክ 2077፣ አፕዴት የተደረገ። 70 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ ኤስኤስዲ ላይ ጫኑት። ጌሙን ስቲም ላይ ገዝታችሁ ዳውንሎዱ ከከበዳችሁ፣ ካለው ጓደኛ የጌሙን ፎልደር በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቅዱና በራሳችሁ ስቲም ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ኢንስቶል በሉት። ስቲም ያለውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።
- ጌሙ ከሌላችሁ የብላክ ሚዝ ዉኮንግ ቤንችማርክ ስቲም ላይ በነፃ አለ። ዩኒጂን ሱፐርፖዚሽንም ነፃ ነው፤ ፋይሉም ያነሰ ነው። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ደረጃዎች ለሁለቱም ይሠራሉ።
- ጂፒዩ-ዚ። የካርዱን ማንነት ያሳያል። ትንሽ ፋይል ነው። ሳይጫን ስለሚከፈት ፍላሽ ላይ ይዛችሁት መዞር ትችላላችሁ።
- ኤችደብሊውኢንፎ። ሙቀት፣ ዋትና የፋን ፍጥነት ያሳያል።
- ካፕፍሬምኤክስ። እያንዳንዱ ፍሬም የወሰደውን ጊዜ ይመዘግባል።
- የክፍል ቴርሞሜትር። ርካሹም ይበቃል።
- ስታቢላይዘር።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ቢጠፋ ደብተራችሁ አይጠፋም።

መጀመሪያ ጥንቃቄው

ኬዝ ስትከፍቱ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ የፓወር ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኮረንቲ አስወጡ። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት ያልተቀባ የኬዝ ብረት ንኩ። በሰውነታችን ላይ ያለ ስታቲክ ቺፕ ያቃጥላል።

ኮምፒውተሩን በባጃጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ካርዱን ነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልሉት። ከባድ ካርድ ስሎቱ ላይ ተንጠልጥሎ በኮብልስቶን ሲንገጫገጭ ስሎቱን ይሰነጥቃል።

የሳታ ወይም የሞሌክስ ገመድ ወደ ካርድ ፓወር በሚቀይር አዳፕተር ካርድ አታስነሱ። የሳታ ማገናኛ ያን ያህል ኮረንቲ እንዲሸከም አልተሠራም። ይቀልጣል፤ እሳትም ያስነሳል። ፓወር ሰፕላያችሁ የካርድ ገመድ ከሌለው ለዚያ ካርድ አይበቃም ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ካርዱ የተባለው ካርድ መሆኑን እዩ

ይህን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት። «ወንድሜ፣ ሳልከፍል ኮምፒውተር ላይ አንዴ ልየው» በሉ። ደህና ሻጭ በዚህ አይቀየምም። የማያስነሳላችሁ ከሆነ ተዉት።

ፍላሹን ሰክታችሁ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። ገበያ ላይ ባዮሳቸው (ውስጣቸው ያለው መነሻ ሶፍትዌር) የተቀየረ አሮጌ ካርዶች አሉ። ዊንዶውስ ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚል ስም እያሳዩ ውስጣቸው ግን በጣም የቆየ ቺፕ የሆነ። ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል፤ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍባቸዋል።

ከዚያ የሼደር (የካርዱ ትናንሽ የስሌት ክፍሎች) ቁጥሩን ተመልከቱ። የስም ማምታታት በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው፦

- አርኤክስ 580 ትክክለኛው 2,304 ሼደር አለው። 2,048 ካለ የተቀነሰው ዓይነት ነው፤ ዋጋውም መቀነስ አለበት።
- ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይቱ 1,280፣ ባለ 3 ጊጋባይቱ 1,152 አለው። ልዩነቱ የሜሞሪ ብቻ አይደለም።
- አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ 3,584 ሼደርና 192 ቢት የሜሞሪ ባስ አለው። 8 ጊጋባይትና 128 ቢት ካላችሁ ደካማው ወንድሙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። «ባስ ኢንተርፌስ» የሚለው መስመር ጎን ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጫኑና ትንሿን ሙከራ አስጀምሩ። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ትክክለኛው የስሎት ፍጥነት የሚታየው ሲሠራ ብቻ ነው። ባለ 16 መስመር ካርድ በ4 ወይም በ8 እየሠራ ከሆነ ስሎቱ ልክ አይደለም፣ ወይም የካርዱ እግር ቆሽሿል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ግን ሲፈጠርም ባለ 4 መስመር ስለሆነ እሱን አትጠርጥሩት።

ደረጃ 2፦ ኮረንቲውን አስተካክሉ

ባሕር ዳር ላይ ፍተሻ የሚያበላሸው ከካርዱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ኮረንቲው ነው። ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት፣ በተለይ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ አትፈትሹ። ቮልቴጁ ወረድ ሲል ደካማ ፓወር ሰፕላይ በከባድ ጭነት ላይ ይጠፋል። እናንተም «ካርዱ ነው» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ዩፒኤስ ካላችሁ አቅሙን አስሉ። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ በዋት ሲመነዘር ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ነው። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን 170 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ፣ ሞኒተሩና ሌላው ሲጨመር ጫፍ ላይ ነው። መብራት ቢሄድ ባትሪው ጭነቱን ስለማይችለው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፍተሻውን በስታቢላይዘር አድርጉት፤ ዩፒኤሱን ለሌላ ቀን አቆዩት። በጄኔሬተር ደግሞ ጨርሶ አትፈትሹ።

ደረጃ 3፦ አቧራና ገመድ

ፋኖቹንና የብረት ክንፎቹን በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፤ እየተሽከረከረ አታጽዱት። ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ክንፎቹን በባትሪ ብርሃን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ማታ መስኮት ተከፍቶ የኬዙ መብራት ሲበራ የሚሰበሰበው ትንኝ ከአቧራ ጋር ተለጥፎ እንደ ምንጣፍ ይሆናል። ከውጭ አይታይም። ፋኑ ይዞራል፣ አየሩ ግን አያልፍም።

የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ። ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ የፕሮሰሰሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ዊንዶውስን አዘጋጁ

ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ከኤኤምዲ ወደ ኤንቪዲያ ወይም በተቃራኒው ከተዘዋወራችሁ መጀመሪያ የድሮውን በዲዲዩ (ድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም) ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡት። ሁለት ድራይቨር ሲደራረብ ምክንያቱ የማይታወቅ ላግ ይመጣል።

የፓወር ፕላኑን «ሃይ ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ይሰካ። በባትሪ ካርዱ ሆን ብሎ ራሱን ይቀንሳል። ክሮምን፣ የዊንዶውስ አፕዴትንና ከኋላ ቪዲዮ የሚያወርደውን ቴሌግራም ዝጉ።

ራሙንም እዩ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስንት ስሎት እንደተያዘ ይጽፋል። አንድ ባለ 16 ከሆነ ሁለት ባለ 8 ከሚሰጠው ያነሰ ታገኛላችሁ፤ በተለይ ዝቅተኛው ኤፍፒኤስ ይጎዳል። ይህን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።

ደረጃ 5፦ የጌሙ ሴቲንግ

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው።

መጀመሪያ ሪዞሉሽኑን 1920 በ1080፣ ፉል ስክሪን አድርጉ። ቀጥሎ የግራፊክስ ፕሪሴቱን (ጌሙ አዘጋጅቶ ያቀረበውን የሴቲንግ ስብስብ) «ሃይ» ላይ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ብቻ የሚከተሉትን አጥፉ፦ ዲኤልኤስኤስ፣ ኤፍኤስአርና ዜስ፤ ፍሬም ጀነሬሽን፤ ዳይናሚክ ሪዞሉሽን፤ ሬይ ትሬሲንግ፤ ቪሲንክ፤ የኤፍፒኤስ ገደብ።

ፕሪሴት ስትመርጡ ጌሙ ዲኤልኤስኤስን ወይም ኤፍኤስአርን በራሱ መልሶ ሊያበራ ይችላል። ለዚህ ነው ማጥፋቱ መጨረሻ ላይ የሚሆነው። እነዚህ ሲበሩ ካርዱ ምስሉን ባነሰ ሪዞሉሽን ሠርቶ ያሰፋዋል። ለመጫወት በጣም ጥሩ ናቸው፤ እኔም አበራቸዋለሁ። ለመፈተሽ ግን አይሆኑም፤ የምትለኩት 1080 መሆኑ ይቀራል። ፍሬም ጀነሬሽን ደግሞ ካርዱ ሙሉ በሙሉ ያልሠራውን ፍሬም ይቆጥርላችኋል። ቪሲንክ ከበራ ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ የትኛውም ጎበዝ ካርድ 60 ላይ ይቆማል።

ጨርሳችሁ ጌሙን ዝጉና እንደገና ክፈቱ። ሴቲንጉ እንዳልተቀየረ አንዴ ተመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ካርዱን አሙቁ

ቤንችማርኩን ወዲያው አትመኑት። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። ቀዝቃዛ ካርድ ከልኩ በላይ ይሮጣል፤ የሞቀው ካርድ ነው እውነተኛው ካርዳችሁ። በዚያ ላይ ጌሙ በመጀመሪያው ዙር ሼደሮችን (እዚህ ላይ ምስል የሚሠሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች ማለት ነው) ስለሚያዘጋጅ ምስሉ ይቆራረጣል። ያ የካርዱ ጥፋት አይደለም።

እየተጫወታችሁ ስክሪኑን በደንብ እዩ። ባለ ቀለም ነጠብጣብ፣ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ወይም ቦታቸውን ለቀው ወደ ሰማይ የሚዘረጉ ቅርጾች ከታዩ ፍተሻው እዚህ ላይ ያበቃል። የካርዱ ሜሞሪ ሳይጎዳ አልቀረም። መልሱት።

ደረጃ 7፦ ለኩ

1. የክፍሉን ሙቀት ጻፉ።
2. ኤችደብሊውኢንፎ የሰንሰር ገጹ ክፍት ይሁን። የያዘውን የቆየ ቁጥር አጽዱ።
3. ካፕፍሬምኤክስ ላይ የመቅጃውን ጊዜ 60 ሰከንድ አድርጉ።
4. በጌሙ ሴቲንግ ገጽ ላይ «ራን ቤንችማርክ» የሚለውን ተጫኑ። ምስሉ እንደጀመረ ኤፍ11ን ንኩ። መቅዳት ይጀምራል።
5. ሲያልቅ አማካዩን፣ 1 በመቶ ዝቅተኛውን (በጣም የዘገዩት 1 በመቶ ፍሬሞች የሚሰጡትን ኤፍፒኤስ)፣ ከፍተኛውን ሙቀት፣ የካርዱን ፍጥነት በሜጋኸርዝና ዋቱን ጻፉ።
6. ሳታርፉ ሦስት ጊዜ ድገሙት።

ሦስቱ ውጤቶች እርስ በርስ ከ3 በመቶ በላይ መራራቅ የለባቸውም። ከተራራቁ ከኋላ የሚሠራ ነገር አለ። ፈልጉትና እንደገና ጀምሩ። በየዙሩ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ግን ሙቀት ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን አንብቡ

ከሁሉ በፊት የካርዱን የሥራ መጠን እዩ። ቤንችማርኩ ሲሄድ ጂፒዩው ከ95 በመቶ በላይ ከሠራ የለካችሁት ካርዱን ነው። 70 ላይ የሚንቀዋለል ከሆነ የለካችሁት ፕሮሰሰሩን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርዱና ድገሙት። ኤፍፒኤስ ከፍ ካለ ካርዱ ነበር የያዘው። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። ብዙ ሰው አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ጎበዝ ካርድ ሰክቶ ሻጩን ይሰድባል። ካርዱ ምንም አላጠፋም።

ቀጥሎ 1 በመቶ ዝቅተኛው። በሚገባ የምትመረምሩት ቁጥር ይህ ይሁን። 60 ኤፍፒኤስ ማለት አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። አንዱ ፍሬም 100 ሚሊሰከንድ ቢወስድ አማካዩ ብዙም አይነካም፤ ዓይናችሁ ግን ስታክ ማድረጉን ያየዋል። አማካዩ 62፣ 1 በመቶው 50 የሆነ ካርድ አማካዩ 75፣ 1 በመቶው 28 ከሆነው በጣም ይሻላል። 1 በመቶው እንዲህ ከራቀ የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ይሆናል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ በዚህ ጌም ላይ ይህ ይገጥመዋል። ቴክስቸሩን ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት። ካልተስተካከለ ወደ ራሙ ሂዱ።

አሁን ሙቀት። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ያለ ምክንያት ይደነግጣሉ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰው 68 ዲግሪ አገኘ፤ እኔ 80 አገኘሁ ይላሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍላችሁ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ከካርዱ ሙቀት ላይ የክፍሉን ቀንሱ። የእናንተ 80 ሲቀነስ 30፣ 50 ይሆናል። የዚያ ሰው ክፍል 21 ከሆነ 68 ሲቀነስ 21፣ 47 ነው። የ3 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ነው። ካርዳችሁ ጤነኛ ነው።

ሆት ስፖት የሚባለውንም ኤችደብሊውኢንፎ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የቺፑ በጣም የጋለው ነጥብ ነው። ከካርዱ አጠቃላይ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ ከራቀ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ሂትሲንኩ የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ወይም ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ባለ ክንፍ ብረት) በደንብ ሳይቀመጥ ቀርቶ ይሆናል። ይህ የሚጠገን ነው። ፔስቱን ማስቀየር ካርድ ከመቀየር እጅግ ይረክሳል።

የኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ ጂፒዩ-ዚ ሰንሰር ገጽ ላይ «ፐርፍካፕ ሪዝን» የሚለውን እዩ። ካርዱ ለምን ከዚህ በላይ እንደማይሮጥ ይነግራችኋል። ማውሱን ቀለሙ ላይ ስታሳርፉት ምክንያቱን ይጽፋል። ፓወር ወይም ቮልቴጅ ካለ የተለመደ ነው። ሙቀት ካለ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 9፦ አወዳድሩ

የጌሙ ሠሪ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2023 ያወጣው መነሻ አለ። ለጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይትና ለአርኤክስ 580 ባለ 8፦ 1080፣ «ሎው»፣ 30 ኤፍፒኤስ። ለአርቲኤክስ 2060 ሱፐርና ለአርኤክስ 5700 ኤክስቲ፦ 1080፣ «ሃይ»፣ 60 ኤፍፒኤስ። ካርዳችሁ ከእነዚህ የት ላይ እንደሆነ ካወቃችሁ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ትገምታላችሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከሆናችሁ ፍተሻውን በ«ሎው» ድገሙት።

ለጠበቀ ንጽጽር የራሳችሁን ካርድ ከተቀራራቢ ፕሮሰሰር ጋር የፈተሸ ቪዲዮ ፈልጉ። ሪዞሉሽኑ፣ ፕሪሴቱና የጌሙ ቨርዥን አንድ ይሁኑ። የጌሙ አፕዴት ቁጥሩን ስለሚቀይር የ2021 ቪዲዮ አይጠቅማችሁም። እኔ የምሠራበት ልክ ይህ ነው፦ እስከ 5 በመቶ መራራቅ ምንም አይደለም፤ 10 ከሆነ ሴቲንጉን ደግሜ አያለሁ፤ 20 ከሆነ አንድ የተበላሸ ነገር አለ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- በፈርማርክ ብቻ ፈትሾ መወሰን። የትኛውም ጌም የማይጭነውን ጭነት ይጭናል። ሙቀት ለማየት ለአጭር ጊዜ ይሆናል፤ የጌም ጉልበት ግን አይለካም።
- ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር። ድራይቨሩንም ሴቲንጉንም ከቀየራችሁ ለውጡን ያመጣው የቱ እንደሆነ አታውቁም።
- የ1 በመቶ ቁጥርን ከሌላ ፕሮግራም ውጤት ጋር ማወዳደር። አሰላላቸው ይለያያል። በአንዱ ጀምራችሁ በዚያው ጨርሱ።
- የኬዙን ጎን ከፍቶ መፈተሽ። ስትጫወቱ የሚዘጋ ከሆነ ተዘግቶ ይፈተሽ።
- ኢንቴል አርክ ካርድ ሰክቶ ባዮስ ውስጥ ሪሳይዛብል ባርን አለማብራት። እነዚህ ካርዶች ያለ እሱ ብዙ ጉልበት ያጣሉ።

መሃል ላይ ቢቋረጥ

ሲቋረጥ ምን እንደሆነ በትክክል ጻፉ። አኳኋኑ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ኮምፒውተሩ በአንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይም ራሱን ሪስታርት ካደረገ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩና ኮረንቲው ነው። በሌላ ደህና ፓወር ሰፕላይ ሞክሩት። ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ ከቀጠለ፣ ወይም ጌሙ ብቻ ወደ ዴስክቶፕ ከመለሳችሁ ድራይቨሩ ወይም ካርዱ ነው። ድራይቨሩን በዲዲዩ አውጥታችሁ መልሳችሁ ጫኑና ደረጃ 6ን ድገሙ። በሌላ ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ካደረገ ካርዱ ነው። ለሻጩ ስትመልሱት የጻፋችሁበትን ደብተርና የስልክ ቪዲዮ አሳዩት። «አልሠራ አለኝ» ከምትሉት ይልቅ «ክፍሉ 27 ዲግሪ፣ ካርዱ 71፣ በ12ኛው ደቂቃ ጠቆረ፣ በሁለት ኮምፒውተር ሞከርኩት» ብትሉት ክርክሩ ያጥራል።